የጋሽ ገመዳ ሁለተኞች

ባለፈው ወር አንድ ማለዳ ከአዳማ ወደ ሞጆ ስሄድ፣ ደረቅ ወደቡ መግቢያ ላይ የተሰለፉት ከባድ መኪኖች እንደ ልማዳቸው መንገዱን ዘግተውት፣ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሾፌር ተስፋ ቆርጦ ሞተሩን አጥፍቶ መስኮቱን ዝቅ ሲያደርግ፣ ከናፍጣው ጭስና ከቆዳው ሽታ መሀል አንድ ሌላ ሽታ ሾልኮ ገባ። የፈረስ ላብ ነበር። ቀና ስል ጭድ የጫነ ጋሪ በቆሙት መኪኖች መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት እየተሹለከለከ፣ ፈረሱ አንገቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ ማንንም ሳይለማመጥ አልፎን ሄደ። እኔ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ ሳስለቅቅ ዕድሜዬን የፈጀሁ ትራንዚተር ነኝ፤ ጠዋት ወንበር ላይ ስቀመጥ የሚሰማኝ ወገቤ ብቻ ነው። የዚያን ቀን ግን ተረከዜ በራሱ ጊዜ የሚኒባሱን ወለል መምታት ጀመረ፣ ከፈረሱ ኮቴ ጋር እኩል፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ዞር ብሎ እስኪያየኝ ድረስ። ይቅርታ ጠይቄ እግሬን ሰበሰብኩ።

ጋሽ ገመዳ ትዝ አሉኝ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን የስፖርት መምህር፣ የሩጫ ቡድኑም አሰልጣኝ ነበሩ። ታላቅ ወንድሜን አሰልጥነዋል፣ እኔን አሰልጥነዋል፣ ከወንድሜም በፊት የነበሩትን፣ ዛሬ የልጅ ልጅ ያዩትን፣ እነሱንም አሰልጥነዋል፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ግን አንድም ልጃቸው አንደኛ ወጥቶ አያውቅም ነበር። መጨረሻም አንወጣም። ሁለተኛ ነው የምንወጣው። በርዕሰ መምህሩ ቢሮ መደርደሪያ ላይ የሁለተኛነት ዋንጫዎቻችን ጎን ለጎን ተደርድረው የአዳማን አቧራ ይጠጡ ነበር። ከተማው ደግሞ ለቀልድ ሰነፍ አይደለምና፣ የጋሽ ገመዳ ልጆች ሚዜ እንጂ ሙሽራ አይሆኑም ይባልልን ነበር። ምክንያቱን የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ እኛ ቆላ ነን፣ እነ አሰላ ዘንድ ብርድ አለ፣ ብርድ ሳንባ ያሰፋል። ጋሽ ገመዳም ይህንኑ አምነው በየዓመቱ አንዲት የሁለተኛነት ዋንጫ በብብታቸው ይዘው ሲመለሱ «ኒዱፋ፣ ይመጣል» ይሉ ነበር። የሚመኙት ነገር ይህ ብቻ ነው፤ ጡረታ ሳይወጡ አንድ ልጅ፣ አንድ ብቻ፣ አንደኛ ሲወጣ ማየት። ይህን ምኞታቸውን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሳይቀር ያውቀው ነበር።

ረጅምና ቀጭን ሰው ነበሩ፤ ክረምት ከበጋ አንድ ሰማያዊ ቱታ፣ ጉልበቱ ላይ ታጥቦ ታጥቦ የነጣ፣ አንገታቸው ላይ ፊሽካ። ሲደሰቱ በኦሮምኛ፣ ሲናደዱ በአማርኛ ይናገሩ ስለነበር ቃሉ ሳይሰማን እንኳ ከሩቅ ዜማውን ሰምተን የቀኑን አየር እናውቅ ነበር። መቸኮል የሚባል ነገር አይወዱም። የሩጫ አስተማሪ ሆኖ መቸኮልን እንዲህ የሚጠላ ሰው ከእሳቸው ሌላ አላየሁም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይሉናል ከመነሳታችን በፊት፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉናል ስንመለስ፤ ወንድሜ እንዲያውም ይኼ እንቁላል ስንት ዘመን ሄዶ እስከ ዛሬ አሰላ አለመድረሱ ይገርመኛል ይል ነበር።

የመሮጫ መም አልነበረንም። የትምህርት ቤቱ ሜዳ የኳስ ተጫዋቾች ርስት ነው፤ የተረፈው ድንጋይና እሾህ። ስለዚህ ጋሽ ገመዳ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ አንድ ዘዴ አበጅተው ኖረዋል። ሁሴን የሚባል ባለጋሪ ነበር፤ በየማለዳው ባዶ ጋሪውን ይዞ በወንጂ በኩል፣ አዋሽ ዳር ካሉት የአትክልት እርሻዎች ቲማቲምና ሽንኩርት ሊጭን ይወርዳል። የፈረሱ ሶምሶማ አይጣደፍ፣ አይዘገይ፤ ሰዓት ቢኖረን ኖሮ ሰዓታችንን በእሱ እንሞላ ነበር። ጋሽ ገመዳ ጋሪው ላይ ፊታቸውን ወደ ኋላ፣ ወደ እኛ አዙረው ይቀመጣሉ፤ እኛ ሁለት ሁለት ሆነን ከጋሪው ኋላ እንሮጣለን። የሚሄዱበትን መንገድ አይተውት አያውቁም። የሚያዩት እኛን ነው፤ ክርናችንን፣ ትከሻችንን፣ የአፋችንን መከፈትና መዘጋት። ፀሐይ ከግራሮቹ ጀርባ ብቅ ስትል ግማሽ ፊታቸው ይበራል፣ ከጎማው ሥር የሚነሳው አቧራ ጥርሳችን ላይ ይንቀጫቀጫል፣ የጋሪው እንጨት ያቃስታል፣ እግራችን ሳናስበው ከፈረሱ ኮቴ ጋር ይገጥማል፣ ከዚያ በኋላ መሮጣችንን ራሱ እንረሳዋለን። እርሻው አፍ ላይ ሁሴን እስኪጭን ሰውነታችንን እናፍታታለን፤ የተጫነው ጋሪ ዝግ ብሎ ሲመለስ እኛም ዝግ ብለን እንመለሳለን። በሕይወቴ እንደዚያ የሰመረልኝ ነገር የለም፣ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሕጎቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው፣ ያመመው ጋሪው ላይ ይወጣል። አንድ ልጅ ፊቱን ጨምደድ ካደረገ ወይም እርምጃው ትንሽ ካዘነበለ ጋሽ ገመዳ «ውጣ» ይላሉ፤ ክርክር የለም፣ እችላለሁ ማለት የለም። «እግር ከገበያ አይገዛም» ይሉ ነበር። እኛም የልጅ ነገር፣ ሰኞ ሰኞ የቁርጭምጭሚት ሕመም ይበዛብን ነበርና በቲማቲም ሳጥኖች መሀል ተቆናጥጦ፣ የሚሮጡ ጓደኞችን ከላይ እያዩ መሄድ ምን ያህል እንደሚጣፍጥ ሁላችንም እናውቃለን። ማስመሰላችንን ያውቁ እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ሕግ ፈረሱን ማለፍ ክልክል ነው የሚል ነበር። ይህ ሕግ ታሪክ አለው። በወንድሜ ዘመን አንድ ጉልበት የተረፈው ልጅ፣ የተጫነው ጋሪ ሲመለስ፣ ከሰልፉ ወጥቶ ፈረሱን ጥሎት ነጎደ። ፈረሱ ቡላ ይባላል፣ በመልኩ ነው ስሙን ያገኘው፤ ጋሪ ከመግባቱ በፊት ጉግስ ያየ ነበር ይባላል፣ እንጃ፣ ብቻ በሁለት እግር ፍጡር መቀደም ክብሩን ነካው። ሽምጥ ጋለበ። ጋሽ ገመዳ ፊታቸው ወደ ኋላ ስለነበር የሆነውን ነገር ሳያውቁ፣ ልጆቻቸው በድንገት እየራቁ ሲያንሱ ብቻ አይተው፣ መታጠፊያው ላይ ጋሪው ሲገለበጥ ቲማቲሙ ውስጥ ገቡ። ከራስ ጠጉራቸው እስከ ጫማቸው ቀልተው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ዘበኛው ዋይ ብሎ ጮኾ ግማሽ ሰፈሩን ጠራ ይባላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቡላን ያለፈ ከቡድኑ ይባረራል ተባለ። በእኔ ዘመን ያ ቡላ ሞቶ ሌላ ቡላ ተተክቶ ነበር፤ ይኼኛው ዝንብ እንኳ የማያባርር፣ ዓለም ሁሉ ቢያልፈው ግድ የሌለው የዋህ እንስሳ ነው። ሕጉ ግን እንደ ነበረ ቀረ፤ ያነሳውም ሰው የለም።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ ለስፖርት ብዙ ፍቅር የሌላቸው ሰው፣ ጠዋት ላብና አቧራ ተቀብተን ሰልፍ ላይ ስንገባ «ከአህያ የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ ታውቃላችሁ» ይሉና የተረቱን መጨረሻ ለእኛ ይተዉልናል። እናቴ በበኩሏ አጥባቂ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ሴት ናት፤ ሴት ልጇ ከፈረስ ኋላ መሮጧ ጌታን ያስከፋል ወይስ አያስከፋም የሚለውን ስታሰላስል ከርማ፣ እሁድ ልምምድ እንደሌለ ሲነገራት ተወችኝ።

ጫልቱ የመጣችው አሥረኛ ክፍል ስንገባ ነው። አባቷ ወንጂ አገዳ ቆራጭ ነበሩ፤ እሷ አዳማ አክስቷ ዘንድ ሆና ትማራለች። ዝምተኛ ነበረች፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፣ ስትሮጥ ግን ሌላ ሰው ነበረች፤ እግሯ መሬት የነካ አይመስልም። ጋሽ ገመዳ በመጀመሪያው ሳምንት ከጋሪው ላይ ሆነው ሲያዩዋት አንድም ቃል አልተናገሩም፤ በአማርኛም በኦሮምኛም። ፊሽካቸውን አፋቸው ውስጥ ከትተው ሳይነፉት ረሱት። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለታችንን ጎን ለጎን አሰለፉን፤ ጓደኝነታችን የተጀመረው በዚያ ነው፣ ከጋሪው ግራ ጎማ ኋላ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን የትምህርት ቤቶች ውድድር አሰላ ተደረገ። የዚያን ዓመት ከአዲስ አበባ አንድ የሩጫ ክለብ ሰዎች መጥተው ነበርና ከሴቶቹ አንደኛ የወጣችውን፣ እሷን ብቻ፣ ወስደን እናሳድጋለን ብለዋል። ለጫልቱ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግራት አላስፈለጋትም፤ አክስቷ ከዚያ ዓመት በላይ እንደማያስቀምጧት ነግረዋታል፣ ወንጂ ስትመለስ የሚጠብቃት ደግሞ ባል ነው። ብርዱ ጥርሳችንን እያንቀጫቀጨው፣ የትምህርት ቤቱን ባንዲራ እንደ ጋቢ ተከናንበን ከዳር ቆመን አየናት። አንዲት የአርሲ ልጅ ፊት ወጣች፣ ጫልቱ ከኋላዋ ተጣበቀች። ዙሩ ባለቀ ቁጥር ሌሎቹ እየተንጠባጠቡ ቀሩ፤ በመጨረሻው ዙር ሁለቱ ብቻ ሆኑ። የአርሲዋ ልጅ አንገቷ ይወዛወዛል፣ እጇ ዝሏል፣ መሬት መሬት ታያለች። ጫልቱ ገና አሁን ከአልጋዋ የተነሳች ትመስላለች። ጋሽ ገመዳ አልጮኹም፣ መጮኽ ልማዳቸው አልነበረም፣ ቆባቸውን ብቻ አውልቀው በእጃቸው ጨመቁት። ጫልቱ እንደዚያው፣ አንድ እርምጃ ከኋላ፣ ሳትቀርብ ሳትርቅ፣ ሁለተኛ ሆና ገባች።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ የሚዘፍን አልነበረም። ዴራን ካለፍን በኋላ፣ ሙቀቱ በመስኮት መግባት ሲጀምር፣ ከፊት ወንበር የተቀመጡት ጋሽ ገመዳ ዞር ብለው «ኢንተላ ኮ» አሏት፣ ልጄ እንደ ማለት ነው፤ «ልጅቷ እኮ አልቆላት ነበር። ለምን አላለፍሻትም?»

ጫልቱ ጎንበስ ብላ እግሯን አየች። «እግሬ እምቢ አለኝ፣ ጋሼ» አለች። «ከኋላዋ ስደርስ በቃ፣ ቦታዬ የደረስኩ መሰለኝ። እኛ መቼ ማለፍ ተምረን እናውቃለን?»

ክፋት የለበትም፤ የጠየቋትን ነው የመለሰችው። ጋሽ ገመዳ ግን ጥይት የመታቸው ያህል ቀጥ አሉ። ሁላችንም ገባን። ቆላው አልነበረም፣ ሙቀቱም አልነበረም፣ ሳንባችንም ጤነኛ ነበር። ያ ሁሉ ልጅ፣ ወንድሜ ጭምር፣ በየዓመቱ ከፊቱ ካለው ሰው ኋላ በትክክል አንድ እርምጃ ርቆ የገባው እንዲያ ስለሠለጠነ ነበር። ጋሽ ገመዳ ወደ ፊት ዞሩ። ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩና የታየኝ የጫልቱ ጉዳይ ብቻ ነው። ዛሬ፣ እኔም የራሴን ዘመን ወደ ኋላ ማየት ስጀምር፣ አንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራው በአንዲት የልጅ ዓረፍተ ነገር ሲፈርስበት ምን እንደሚሰማው አስባለሁና ያሳዝኑኛል።

አክስቷን ጋሽ ገመዳ ራሳቸው ሄደው ለምነው አንድ ዓመት አስጨመሩላት። ሁሴንን ደግሞ አሰናበቱት። ሁሴን «እኔና ቡላ ምን አጠፋን?» አለ፤ ተቀይሞ ሄደ፣ ቡላ ግን ነገሩ ስላልገባው ለብዙ ቀን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርስ እየቆመ ሁሴንን አስቸገረው። ከዚያ ማለፍ መማር ተጀመረ። እኛ ፊት እንሰለፋለን፣ ጫልቱ ከመጨረሻ ተነስታ አንድ በአንድ ታልፈናለች። መጀመሪያ ላይ ሥቃይ ነበር። በአጠገባችን ባለፈች ቁጥር ጎንበስ ብላ «ዲፋማ» ትላለች፤ ሰው በተቀመጠበት መሀል የሚያልፍ ሰው ይቅርታ እንደሚለው። እኛ በሳቅ እንፈርሳለን፣ እሷም ትስቃለች፣ አፏን ስትሸፍን እጇ ከሩጫው ይወጣል። ጋሽ ገመዳ አልሳቁም። «ይቅርታ እየጠየቁ አንደኛ አይወጣም» አሉ፣ በአማርኛ። ያን ዓመት ኦሮምኛቸውን እምብዛም አልሰማነውም። እንቁላሉም ቀረ፣ የቸኮለችውም ቀረች። «ፍጠኚ» የሚል ቃል ከአፋቸው ሲወጣ የሰማሁት ያኔ ነው፤ የሌላ ሰው ጫማ ያደረጉ ይመስል ነበር። ያመመው የሚወጣበት ጋሪም ስላልነበረ ቁርጭምጭሚታችን መታመሙን ተወ፤ ወይም መናገሩን ተውነው።

በሚቀጥለው ዓመት ውድድሩ አዳማ መጣ። ሙቀቱ አስፋልቱን ያለሰለሰበት ቀን ነበር፤ የወንጂ ሰዎች በጭነት መኪና ተጭነው መጥተዋል። ጫልቱ እንደ ለመደችው ሁለተኛ ሆና ሮጠች፣ ሁለተኛ ሆና ዞረች፣ ሁለተኛ ሆና የመጨረሻውን ዙር ጀመረች፣ እኛም ጉዳችን ፈላ አልን። ከዚያ መታጠፊያው ላይ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ዲፋማ እንዳለች እኔ አውቃለሁ፣ ሌላ ማንም አላየም። ከፊቷ የነበረችውን ልጅ አለፈቻት። የተነሳው ጩኸት ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጋሽ ገመዳ ግን አልዘለሉም፤ መሬት ላይ ቁጭ አሉና አቧራውን በመዳፋቸው ደባበሱት፣ ደግሞ ደባበሱት። ሙሽራ ተገኘ ተባለ በከተማው። በዚያም ዓመት መጥቶ የነበረው ክለብ ጫልቱን ወሰዳት፤ መናኸሪያ ድረስ ሸኘናት፣ ጋሽ ገመዳ ሻንጣዋን ይዘውላት ነበር።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ፣ የፈተና ወረቀት ላመጣ ጸሐፊዋ ቢሮ ቆሜ ሳለሁ፣ ስልክ ተደውሎ ጋሽ ገመዳ ከሜዳ ተጠሩ። ጫልቱ ነበረች። ድምጿ ከመነጋገሪያው እስከ እኔ ይሰማ ነበር። ጉልበቷን እያመማት መሆኑን፣ ብትናገር እንዳያስቀምጧት መፍራቷን፣ ልናገርና ልረፍ ወይስ ልቻለው እያለች እንደምትጠይቃቸው ሰማሁ። በተከፈተው በር በኩል የርዕሰ መምህሩ መደርደሪያ ይታያል፤ ከትንንሾቹ መሀል አንዲት ትልቅ ዋንጫ፣ አቧራዋ በየቀኑ የሚጠረግላት፣ ቆማለች። ጋሽ ገመዳ ወደዚያ እያዩ ነበር። «ትንሽ ቻይው» አሉ። «አሁን ከቆምሽ ከኋላ ትቀሪያለሽ። ጃባዱ፣ በርቺ።» መነጋገሪያውን ሲያስቀምጡ እኔ መኖሬን አዩ፤ ፊሽካቸውን ጎርሰው ወጡ።

ጫልቱ ቻለችው። ጉልበቷ ግን አልቻለም። ዓመት ሳይሞላት በዱላ ተደግፋ ወንጂ ተመለሰች፤ ሐኪሞቹ ቀደም ብላ አርፋ ቢሆን ኖሮ ብለው እንደነገሯት እኔ ለጋሽ ገመዳ አልነገርኳቸውም፣ መስማታቸው ግን አልቀረም። ከዚያ በኋላ የሩጫ ቡድን የሚባል አልነበረም። እስከ ጡረታቸው የመረብ ኳስ ሕግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፉ አስተማሩ። ሁሴንን ሊመልሱት ፈልገው ነበር ይባላል፤ ያን ጊዜ ግን ባጃጁ ከተማውን ወርሮት ጋሪ ከአስፋልት ተከልክሎ፣ ሁሴንም ፈረሱን ሸጦ አርጅቶ ቤቱ ገብቶ ነበር። የወንጂ መንገድ ዛሬ አስፋልት ነው። ማለዳ ማለዳ በዚያ የሚያልፉት የፋብሪካ ሠራተኛ የጫኑ አውቶቡሶች ናቸው፤ የሚሮጥ ልጅ አላይም።

ሁለተኞቹ ግን አልጠፉም። ወንድሜ ሻሸመኔ መምህር ሆኗል፣ ሌላው ሐዋሳ ነርስ ነው፣ ሌላዋ ዝዋይ ሱቅ አላት፤ በየበዓሉ ስኳርና ብርቱካን ይዘው የጋሽ ገመዳን ቤት ሳይረግጡ አያልፉም። ትዕግሥት ያስተማሩን እርስዎ ነዎት ይሏቸዋል። ጋሽ ገመዳ ልጅ በልጅ፣ ስም በስም እየጠሩ ያጠያይቃሉ፤ እንግዶቹ ሲወጡ ደግሞ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው እኔን ብቻ ይጠይቁኛል፤ «ያቺስ ልጅ?» ደህና ናት እላቸዋለሁ። ደህና ናት ማለት እዚሁ አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የተሰፉ ሸሚዞች ስትመረምር ቆማ ትውላለች፣ ሁለት ልጆች አሏት፣ ደረጃ ስትወርድ በጎኗ ነው ማለት ነው። በአንድ ከተማ እየኖሩ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት፣ ዓይን ለዓይን ተገናኝተው አያውቁም ነበር። እሳቸው አይጠሯት፣ እሷ አትሄድ።

ያን ዕለት ከሞጆ እንደተመለስኩ ደወልኩላት። ጋሪ ማየቴን ብቻ ነበር የነገርኳት። «ጋሼ ዓይናቸው ጠፋ የሚባለው እውነት ነው?» አለችኝ። እውነት ነው አልኳት። «እንግዲያ እሁድ ውሰጂኝ» አለች።

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ይዣት ሄድኩ። ጋሽ ገመዳ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ በሚኖሩበት፣ በወለዷት ልጃቸው ቤት በረንዳ ላይ፣ ያንኑ ዓይነት ሰማያዊ ቱታ ለብሰው፣ ጉልበታቸው ላይ ፎጣ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል። ቱታው ሰፍቷቸዋል።

«ማን ናት ሌላዋ?» አሉ ገና ሳንቀመጥ።

«ጫልቱ ነኝ፣ ጋሼ።»

እጃቸው ፎጣው ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። ልጃቸው ሻይ አምጥታ አስቀምጣ ስትገባ ወደ ጫልቱ ድምፅ ዞሩ። «እግርሽስ?»

«ደህና ነው።»

«በስልክ ያልኩሽን ታስታውሻለሽ?»

«አስታውሳለሁ።»

«ቂም ይዘሽብኛል?»

አይ እንድትል ልቤ ለመናት። ሁሉም ሰው አይ ነው የሚለው፤ ሽማግሌ ነው፣ ዓይኑ የለም፣ ምን ይጎዳል። ጫልቱ ብርጭቆውን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። «አዎ፣ ጋሼ» አለች፣ ሰዓት የተጠየቀች ያህል በቀስታ። «ይዤብዎት ነው የኖርኩት። አሁንም አልቆልኛል ማለት አልችልም።»

ጋሽ ገመዳ ወንበራቸውን ተደግፈው ለቀቅ አሉ። ተከፉ ብዬ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት ግን መከፋት አልነበረም። «እንኳን ነገርሽኝ» አሉ። «ሰው ሁሉ እየመጣ ያመሰግነኛል። ይደክማል።»

ከዚያ በኋላ ረጅም ሰዓት ቁጭ አሉ፤ ስለ ወንጂ አወሩ፣ ስለ ሞቱት አባቷ አወሩ፣ ስለ ልጆቿ ጠየቋት፣ ከሁለቱ የሚሮጥ አለ ወይ ብለው ግን አልጠየቁም። ስንነሳ እጃቸውን ዘረጉ፣ ያዘችው፤ አልሳመችውም፣ ቶሎም አልለቀቀችውም። እሷ ቀድማኝ የበረንዳውን ደረጃ ወርዳ፣ ጠጠር በፈሰሰበት ግቢ ወደ ውጭው በር ስትሄድ፣ እኔ ልሰናበታቸው ጎንበስ አልኩ። አንገታቸውን ወደ ጠጠሩ ድምፅ አዘንብለው ነበር።

«የቀኙ ነው፣ አይደል?» አሉኝ።

አዎ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። የውጭው በር ተከፍቶ ከተዘጋም በኋላ፣ በዚያ ሁሉ ዘመን ያገኟት አንዲት አንደኛቸው በመንገዱ እየራቀች ስትሄድ፣ አንዱን እግሯን ጠንከር፣ አንዱን ሳብ እያደረገች፣ የእርምጃዋ ድምፅ እስኪጠፋ እያዳመጡ ነበር።